ለአንድ እጅ የተለካ እጀታ

እሑድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ ላይ አንድ ዓሣ የአባትን ማጥመጃ ዘንግ ይዞ ሄደ። ሰዓቱን በትክክል የተናገሩት ራሳቸው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ቤት ቢቃጠልባቸው እንኳ መጀመሪያ የሚያዩት ክንዳቸው ላይ ያለውን ሰዓት ነው። ዘንጉ ከጣቶቻቸው መካከል ተንሸራቶ፣ ከቆሙበት የእንጨት መድረክ ወርዶ፣ ውኃው ላይ ትንሽ ተንሳፈፈና ቀጠሮ እንዳረፈደበት ሰው ቀጥ ብሎ ወደ መሀል ገሰገሰ። አባት ቆመው አዩት። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ።

አጠገባቸው የቆሙት የድሮ ወዳጃቸው፣ ጡረተኛው ፖስተኛ፣ ለወዳጅነታቸው ሲሉ ዝም ማለት ይችሉ ነበር። አልቻሉም።

"እኔ እስከ ዛሬ ሰው ዓሣ ሲያጠምድ ነው ያየሁት" አሉ። "ዓሣ ዘንግ ሲያጠምድ ገና ዛሬ አየሁ። ይሄኔ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ እያሳያት ነው።"

አባት አልሳቁም። ባዶ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና ወደ ቤት ተመለሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ጎናቸውን ይዟቸው የነበረው ሕመም ሲለቃቸው ሁሉን መልሶ አልሄደም። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ግማሽ መንገድ ይታጠፉና እዚያ ላይ ይቆማሉ፤ አይዘጉም፣ አይከፈቱም። ብርጭቆ ይይዛሉ። ቀጭን ነገር ግን በመካከላቸው ያልፋል። ማንኪያ ያልፋል፣ እስክሪብቶ ያልፋል። ያን ቀን ደግሞ ዘንግ አለፈ። "በግራህ ያዘው" እንዳይባሉ፣ ክሩን የሚጠቀልለውን ማጠንጠኛ ማዞር የሚችለው ግራው ብቻ ነው።

ቤት ሲገቡ ልጃቸው የስፌት ማሽኗ ላይ ነበረች። የፊት ለፊቱ ክፍል ሱቋ ነው፤ ልብስ ሰፊ ናት። አባት በር ላይ ቆመው መግለጫ ሰጡ።

"ከዛሬ ጀምሮ ዓሣ አልወድም።"

"ምነው አባባ? ምን አደረገዎት?"

"አጥንቱ ይበዛል።"

ስልሳ ዓመት ሙሉ አጥንቱ አልታያቸውም ነበር። መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡና መንገዱን ማየት ጀመሩ። መንገዱ የሚታይ ነገር የለውም፤ አንድ የተዘጋ ጋራዥና የማይበራ የመንገድ መብራት ብቻ ነው። እሳቸው ግን ደመወዝ እንደሚከፈለው ጠባቂ ቁጭ ብለው ዋሉ። በሚቀጥለውም ቀን። በሚቀጥለውም ሳምንት። ጢማቸውን መላጨት ተዉ። የግድግዳው ሰዓት ሙሌቱ አልቆ ሲቆም ልጅየዋ ዓይኗን ጣለችባቸው፤ በዚያ ቤት ሰዓት ቆሞ አያውቅማ።

"አባባ፣ ሰዓቱ ቆሟል።"

"አየሁት። ደክሞት ነው፣ ይረፍ።"

ያን ጊዜ ቆሌዋ ተገፈፈ። ሐኪሙ "ከቤት እንዳይቀሩ፣ ከተቀመጡ አይነሱም" ብሎ ነግሯት ነበር። ሐኪም የሚለውን ሁሉ ማመን አያስፈልግም፤ ይሄኛውን ግን በዓይኗ እያየችው ነው። ለአባቷ ከቤት መውጫ ማለት ውኃ ዳር ነው፤ ውኃ ዳር ማለት ዘንግ ነው፤ ዘንግ ማለት የሚይዙት እጀታ ነው።

ዕቃ መሸጫው ሄደች። ሻጩ በየተራ አወጣላት። ሁሉም እጀታቸው ቀጭን ነው፤ ለጤነኛ ጣት የተሠሩ።

"ወፍራም እጀታ የለህም?"

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ለሁሉም የሚሆን ነው።"

ልብስ ሰፊ ፊት "ለሁሉም የሚሆን" አይባልም። "ለሁሉም የሚሆን ድንኳን ነው" አለችውና፣ እጀታው ያልተገጠመለትን ባዶ ዘንግና ማጠንጠኛ ብቻ ገዝታ ወጣች።

እንግዲህ እጀታውን ማን ይሥራው? እዚህ ላይ ታናሽ ወንድሟ ይመጣል። ዘመድ ሁሉ ኢንጂነሩ ይለዋል። የምህንድስና ደጃፍ ረግጦ ስለሚያውቅ አይደለም፤ ያልፈታው ዕቃ ስለሌለ ነው። መልሶ የገጠመው ግን እስካሁን አልተገኘም። ኢንጂነሩ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ያገለገለ የእንጨት ቶርኖ ገዝቶ የጓሮውን ክፍል አስይዞት ነበር። የወንበር እግር እየቀረጸ ለከተማው ሊያከፋፍል ነው። አንድ እግር ቀረጸ። ወንበር ለመሆን ሦስት እግርና አንድ ወንበር ሲቀረው ሐሳቡን ለወጠ። ቶርኖው ከዚያ ወዲህ የእርጥብ ካልሲ ማስጫ ሆኖ በታማኝነት አገለገለ።

ልብስ ሰፊዋ ካልሲዎቹን ለቀመችና "አሳየኝ" አለችው።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ የስፌት ማሽን አይደለም።"

"ምኑ ይለያል?"

"ይሽከረከራላ!"

"የኔስ ምን ያደርጋል፣ ይጸልያል?"

ኢንጂነሩ ተንፈስ አለና ማስተማር ጀመረ። ስልኩ ላይ ብዙ ያየ ሰው ነው። እንጨቱ በሁለት ሹል ጫፎች መካከል ተጣብቆ ይሽከረከራል፤ ሠራተኛው መሮውን ከፊቱ ባለው የብረት መደገፊያ ላይ አስደግፎ ቀስ እያለ ያስጠጋዋል፤ እንጨቱ እየዞረ ራሱን ያስልጣል። ይኸው ነው። ይሄን ለማስረዳት እስከ ምሳ ሰዓት ፈጀበት። ሞተሩን ሲያስነሳ ግን የዓይን መከላከያ መነጽሩን አጥልቆ ከበሩ ውጪ ቆመና ከዚያ ሆኖ መምራቱን ቀጠለ።

"ቀስ! ቀስ በይ! ከላይ! አይ፣ ከታች!"

"አንተ ገብተህ ለምን አታሳየኝም?"

"ከሩቅ ሲሆን በደንብ ይታየኛል።"

መሮው እንጨቱን ነካ፤ አንድ ጊዜ ሻሽ አለ፤ ደስ አላት፤ ወደፊት ገፋችው። እንጨቱ መሮውን ነከሰ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ በደንብ ያየ የለም። እንጨቱ ከቦታው ተፈናጥሮ የጣሪያውን ቆርቆሮ መታ፣ ከቆርቆሮው የልብስ ማጠቢያውን ባልዲ መታ፣ ከባልዲው ወጥቶ በኢንጂነሩ እግሮች መካከል አለፈ። ኢንጂነሩ ግቢው መሀል ተገኘ።

ከቤት ውስጥ የአባት ድምፅ ተሰማ። "ማነው የሞተው?"

"ማንም አልሞተም አባባ!"

"እንግዲያው ምን ይጮሃል?"

ከዚያ የምርኩዛቸው ድምፅ ተከተለ። ኳ፣ ኳ። ከመስኮቱ ሥር ተነሥተዋል! ልብስ ሰፊዋ መሮዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አባት የጓሮው በር ላይ ደረሱ፤ የተገለበጠውን ባልዲ አዩ፤ ሰጋቱራ የለበሰችውን ልጃቸውን አዩ፤ ግቢ ውስጥ ያለውን ልጃቸውን አዩ።

"ወንበር አምጡልኝ" አሉ። "እንዲህ ያለውን ነገር በቁሜ አላይም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባት የጓሮው ክፍል ቋሚ ታዳሚ ሆኑ። የሚመጡት ለማበረታታት አልነበረም። ልጅየዋ ከደንበኞቿ ልብስ የተረፈ ሰዓቷን ሁሉ ቶርኖው ላይ ታጠፋለች፤ አባት በሩ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን ሥራ ስም ያወጡለታል። የመጀመሪያው ከላይ ወፍሮ ከታች ሹል ሆነ፤ ካሮት ተባለ። ሁለተኛው መሀሉ ላይ ሰርጉዶ ወጣ፤ ጡጦ ተባለ። ሦስተኛውን ይዛ ስትቀርብ ራሷም ምን እንደሆነ አላወቀችም።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እጀታ ነዋ አባባ።"

"የማን? የጠላታችን?"

"እየተማርኩ እኮ ነው!"

"ተማሪ ተማሪ። እኔ አንድ ሐሙስ ነው የቀረኝ፤ አንቺ አትቸኩዪ።"

ቢቆጣጠሩትም አፋቸው ጥግ ላይ የሆነ ነገር ይንቀሳቀስ ነበር። እሷም አየችው። አራተኛውን እንጨት አሰረች።

መሮ መያዙን እጇ እየለመደው ሲሄድ የልኩ ጉዳይ መጣ። እስካሁን በግምት ነበር፤ እሷ ደግሞ በግምት ሰፍታ አታውቅም። አንገቷ ላይ የማይጠፋውን ሜትር አውርዳ አባቷ እግር ሥር በርከክ አለች። ችግሩ፣ አባት ያን እጃቸውን አያስነኩም። ሐኪሙም ሲነካቸው ፊት ይነሱት ነበር።

"ይስጡኝ።"

"ምን ልታደርጊው?"

"ልለካው ነዋ። ሱሪ ስሰፋልዎት ወገብዎን አልለካም?"

"ወገቤ አያፍርም" አሉ።

ሰውዬው ይሄን ለማለት እንዳላሰቡ ያስታውቅ ነበር። ልጅየዋም እንዳልሰማች ሆና አንድ በትር አነሳችና የተራረፈ ጨርቅ ትጠቀልልበት ጀመር። ጠቅልላ ታስይዛቸዋለች፤ ይላላል። ትጨምርበታለች፤ ይላላል። እንዲህ እንዲህ እያለች፣ ግማሽ የታጠፉት ጣቶች ጨርቁ ላይ በሙሉ የሚያርፉበት ላይ ደረሰች። ልክ ሸሚዝ ትከሻ ላይ ሲያርፍ እንደሚታወቀው ታወቃት። ሜትሩን ጨርቁ ላይ ዞር አድርጋ ለካችና ለወንድሟ ጮኸችለት።

"አሥራ ሁለት! ለአሥራ ሁለት የሚሆን እንጨት አምጣልኝ!"

ልብስ ሰፊ ሰውን የሚለካው በዙሪያው ነው። ወገብ ዙሪያ ነው፣ ደረት ዙሪያ ነው፣ አንገት ዙሪያ ነው። እንጨት የሚሸጥ ሰው ደግሞ ውፍረት ነው የሚያውቀው። ኢንጂነሩ በመሀል ቆሞ መጠየቅ የሚገባው ሰው ነበር፤ ግን ኢንጂነር ስለሆነ አልጠየቀም። ከሰዓት በኋላ ውፍረቱ አሥራ ሁለት ሴንቲሜትር የሆነ ግንድ ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ ላቡ ጠብ እያለ ገባ።

አባት ግንዱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

"ልጄ" አሉ በለሆሳስ፣ "ዓሣ ነው የምናጠምደው ወይስ ጉማሬ?"

"እሷ አሥራ ሁለት አለችኝ!"

"ዙሪያውን ነው ያልኩህ!"

"ዙሪያውን አላልሽም!"

"ሌላ ምን ይለካል ታዲያ?"

ግንዱ የበር ማስደገፊያ ሆነ። እስከ ዛሬም ነው። ለእጀታው የሚሆን፣ ደርቆ የከረመ፣ የማይሰነጠቅ እንጨት ፍለጋ ልብስ ሰፊዋ ክፍሉን ስታስስ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ያረፈችው ብቸኛዋ የወንበር እግር ላይ ወደቀ። ጠንካራ እንጨት ነበር፤ ውፍረቱም ይበቃል።

"እትዬ፣ አትነኪያት!" አለ ኢንጂነሩ። "የመጀመሪያ ሥራዬ ናት!"

"የመጨረሻህም ናት" አሉ አባት። "ስጣት።"

በማግስቱ ኢንጂነሩ አኩርፎ ስላልመጣ ብቻዋን ሠራች፤ ሥራውም ያለ መመሪያ በሰላም ሄደ። እግሩን በልኩ ቆረጠችው። ዘንጉ የሚገባበትን ቀዳዳ ለመብሳት በሞርሳ አሰረችውና የመሰርሰሪያ ጫፎቹን ከዘንጉ ጋር እያስተያየች አንዱን መርጣ በሳችው። ከዚያ ቶርኖው ላይ አሰረችው። በዚያን ጊዜ እጇ ለምዶ ነበር፤ እንጨቱ እንደ ሪባን እየተላጠ በክርኗ ላይ ይወርድ ጀመር። በየመሀሉ ሞተሩን ታቆምና ሜትሯን ታዞርበታለች። አሥራ ሁለት ላይ ስትደርስ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰችው፣ ዘይት አጠጣችውና ለአባቷ ሰጠቻቸው።

አባት ያዙት። ጣቶቻቸው ሄደው ሄደው እንጨቱ ላይ አረፉ። ወደ ላይ አነሱት። ወደ ታች አወረዱት። ወዘወዙት። እጃቸው ውስጥ ቀረ።

ልጅየዋ ስም እስኪያወጡለት ጠበቀች። አላወጡለትም።

"እሑድ ያ ፖስተኛ ሲያልፍ" አሉ፣ "ጥሪው። እሄዳለሁ።"

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮላውን አዘጋጅታ እጀታውን ዘንጉ ላይ አጠለቀችው። እጀታው ያለ ምንም እንቅፋት ዘው ብሎ ገባና ቀለበት ቀጭን ጣት ላይ እንደሚዞር መዞር ጀመረ። አነሳችው፤ ተንቀጫቀጨ።

የመሰርሰሪያውን ጫፍ ስትመርጥ ለቀዳዳው ትርፍ ትታለታለች። ማንም አላዘዛትም፤ እጇ ነው። ልብስ በአካል ልክ ከተሰፋ ሰው አይተነፍስበትም፣ ክንድ አይታጠፍበትም፤ ስለዚህ ከልኩ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ይተዋል። ለዘንጉም መተንፈሻ ትታለታለች።

ኩርፊያው የለቀቀው ኢንጂነሩ የመጣው ልክ በዚያች ሰዓት ነው። እጀታውን አዞረው። በቀዳዳው አሻግሮ አያት። ዓይኑን በጨው አጥቦ ሳቀ።

"ትርፍ ተውሽለት? እንጨት እኮ አይወፍርም እትዬ! በዓል ሲመጣ አይበላም!"

"ዝም በል።"

"ኮላ ሙሊበት በቃ።"

"ገና ሳይዝ ይፈሳል፤ ሲደርቅም ይላቀቃል።"

"ሰኞ ሌላ እንጨት እገዛልሻለሁ።"

አባት በር ላይ ነበሩ። መንቀጫቀጡን ከሁሉም ቀድመው የሰሙት እሳቸው ናቸው፤ የላላ ነገር ድምፅ ለይቶ መስማት ሥራቸው ነበር። ምንም አልተሳደቡም። ይሄ ነው ያስፈራት። "ግድ የለም" አሉ፤ "ለሌላ እሑድ ይሁን።" ምርኩዛቸውን አንስተው ወደ መስኮታቸው ሄዱ።

ሌላ እሑድ የሚባል ነገር እንደሌለ ልጅየዋ ታውቃለች። ዛሬ ያን ወንበር ላይ ከተቀመጡ ሰኞ የመጣ እንጨት አያስነሳቸውም። ቶርኖው ፊት ቆመች። ቅስሟ ተሰብሮ፣ የሚያለቅስ ሰው የሚያደርገውን ላለማድረግ ወደ ሱቋ ገባችና የጀመረችውን ካፖርት አነሳች። ቁልፎቹ ብቻ ናቸው የቀሩት። የካፖርት ቁልፍ ጨርቁ ላይ ተጣብቆ አይሰፋም፤ ጨርቁ ወፍራም ስለሆነ ክፍተት ይተውለትና ያ ክፍተት በክር ዙሪያውን ተጠምጥሞ ይሞላል። ሲያልቅ አንገቱ እንደ ሚስማር ነው፤ አይነቃነቅም።

ሁለት ጊዜ ጠመጠመችና ቆመች። ካፖርቱን ጣለችው።

ትልቁን የካፖርት ክር ጥቅል ይዛ ስትመለስ ኢንጂነሩ "አሁን ደግሞ ልትሰፊው ነው?" አላት።

"አዎ። ዘንጉን አሽከርክርልኝ። ከቻልክ ሳትፈታው።"

ዘንጉን በሦስት ቦታ ኮላ ቀባችውና ክሩን ትጠመጥምበት ጀመር። ግን ክሩ ይላላል። ጥቅሉ መሬት ላይ ይንከባለላል፤ ወንድሟ ይዞት ሲሆን አንዴ ይለቀዋል፣ አንዴ ይቆልፈዋል። ሁለቱ እየተጯጯሁ ሳለ ምርኩዙ ተሰማ።

"እንደዚህ እየጮሃችሁ ሰው መስኮት ማየት ይችላል?" አሉ አባት። ክሩን አዩ፤ ዘንጉን አዩ፤ ገባቸው። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። "አምጡ ወዲህ።"

ጥቅሉ ወፍራም ነበር። ግማሽ የታጠፉት ጣቶች መካከል ልክ ገባ። አይዘጉም፣ አይከፈቱም፤ ስለዚህ ጥቅሉ በመካከላቸው እየተሻሸ፣ ሳይላላ ሳይቆለፍ፣ አንድ ዓይነት ጥብቀት እየጠበቀ ዞረ። ክሩ ዘንጉ ላይ ጎን ለጎን ተኛ።

"እንግዲህ በስተርጅና ሥራ አገኘሁ" አሉ። "የክር መስቀያ።"

"ጎበዝ መስቀያ ነዎት" አለች ልጅየዋ ቀና ሳትል። ቀና ብትል ኖሮ ፊቷን ያዩት ነበር።

"ጠበቅ አድርጊው። አሁንም። እዚያ ጋ ዘለልሽ።"

ሦስቱም ጥምጥም ሲሞላ እጀታውን ገፋችው። እንቢ አለ። ቀለል አድርጋ ክር አነሳችለት፤ ገፋችው፤ እየተንቋቋ ገባና ቆመ። ሦስቱም በየተራ ወዘወዙት። ዝም አለ።

እሑድ ጠዋት ፖስተኛው በመንገዱ ሲያልፉ ወዳጃቸውን ጢማቸውን ተላጭተው በር ላይ ቆመው አገኟቸው። እጀታውን አገላብጠው አዩት።

"ይሄ ምንድን ነው? የአልጋ እግር?"

"የወንበር" አሉ አባት። "አፍህን ይዘህ ሂድ ከፊት።"

ልጅየዋ ሱቋን ዘግታ ተከተለቻቸው። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ፖስተኛው ዓሣ አወጡ፤ አባት ምንም አላወጡም። መንጠቆውን ጣሉ፣ ሰበሰቡ፣ ጣሉ። ዘንጉ ካለበት አልተነቃነቀም። እጀታው በስተግራ በኩል ሻካራ ቦታ አለው ብለው አማረሩ፤ ሁለት ጊዜ አማረሩ፤ ፖስተኛውም እንዲዳስሱት ተጠየቁ። ልጅየዋ ብርጭቆ ወረቀት ኪሷ ውስጥ ነበራት።

"ይስጡኝ አባባ፣ አሁኑኑ ላለስልሰው።"

አባት ውኃውን እያዩ ነበር።

"ቆይ" አሏት። "አሁን ይዤዋለሁ።"

አባት በሚቀጥለው ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። ዘንጉን የወሰዱት ፖስተኛው ናቸው። እጀታው ለእጃቸው ስለሚወፍር በሁለት እጃቸው ነው የሚይዙት፤ ልብስ ሰፊዋ ልታቀጥንላቸው ብትጠይቃቸውም እንቢ ብለዋታል።